ለፍጻሜው የሚገባው ክብር

ሥራ ለጀመረ ሰው አባቶቻችን ከሁሉ አስቀድመው የሚሰጡት ምርቃት «ፍጻሜውን ያሳምርልህ» የሚል ነው፤ ይህም ምርቃት ከረጅም ዘመን ትዝብት የተገኘ ለመሆኑ፣ ጅምሩ አስደንቆ፣ መካከሉ አጓጉቶ፣ መጨረሻው ግን ባለቤቱን ያሳፈረ ሥራ በየዘመኑ መብዛቱ ምስክር ነው። በሲኒማ ጥበብም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። አንድ ታሪክ በሦስት ክፍል ተከፍሎ ሲቀርብ፣ የመጀመሪያው በአዲስነቱ ይወደዳል፣ ሁለተኛው በናፍቆት ይጠበቃል፣ ሦስተኛው ግን ብዙ ጊዜ የሚቈጠረው፣ የቀደሙት ሁለቱ ካፈሩት ፍቅር የመጨረሻዋን ሳንቲም ለመልቀም እንደ ተሠራ ትርፍ ነገር ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ልሟገትለት የተነሣሁት ፊልም፣ «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» የተባለው የዘመን ጉዞ ታሪክ ሦስተኛና መደምደሚያ ክፍል፣ ከዚህ ፍርድ ነጻ ሊወጣ የሚገባው ብቻ ሳይሆን፣ ያለ እርሱ የቀደሙት ሁለቱ ትርጓሜያቸው ጎድሎ የሚቀር፣ የሥራው ሁሉ ማሰሪያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፊልሙን ላላዩ፣ ወይም ካዩት ብዙ ዘመን ላለፋቸው አንባቢዎች፣ የነገሩን ሥር ባጭሩ ማስታወስ ይገባል። ሮበርት ዜሜኪስና ቦብ ጌል በጋራ የደረሱት፣ ዜሜኪስም ያዘጋጀው የመጀመሪያው ፊልም ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1985 ነበር፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ሂል ቫሊ በተባለች የካሊፎርኒያ ልብ ወለድ ከተማ የሚኖር ማርቲ ማክፍላይ የተባለ የ17 ዓመት ወጣት፣ ሳይንቲስት ወዳጁ ኤሜት ብራውን ከደሎሪያን አውቶሞቢል በሠራት፣ በሰዓት 88 ማይል ወይም 142 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሮጥ ዘመንን በምትሻገር መኪና፣ ወላጆቹ ገና ተማሪዎች ወደ ነበሩበት ወደ 1955 ይወረወራል። ሁለተኛው ክፍል በኖቬምበር 1989፣ ሦስተኛው በሜይ 25 ቀን 1990 ታዩ። ሁለቱ በተከታታይ የተቀረጹ ስለ ነበሩ፣ አዘጋጁ ቀን በካሊፎርኒያ ተራሮች ግርጌ በሶኖራ አካባቢ የሦስተኛውን የባቡር ትዕይንት ሲያስቀርጽ ይውልና፣ ሲመሽ ሎስ አንጀለስ ገብቶ የሁለተኛውን የመጨረሻ ሥራ ይመለከት ነበር። እንዲህ ባለ ድካም የተፈጸመው ሦስተኛ ክፍል በገበያ ከሦስቱ ያነሰውን ገንዘብ አስገባ፤ ከዚያም ወዲህ ስለ ሦስቱ በተነገረ ቊጥር፣ በጎ ነው ግን ከቀደሙት ያንሳል የሚል ፍርድ ሲከተለው ይኖራል።

የሦስተኛው ክፍል ታላቅነት ግን ከመነሻው ይታያል። በመጀመሪያው ፊልም ማርቲ ወደ ኋላ ዘመን የሄደው ፈቅዶ ሳይሆን ከጥይት ሲሸሽ ነው፤ በዚያም የደከመው የወላጆቹን ፍቅር አቃንቶ የገዛ ራሱን መወለድ ለማዳን ነው። በሁለተኛው ደግሞ ወደ 2015 ተጉዞ ሳለ፣ የስፖርት ውጤቶች የተመዘገቡበትን መጽሐፍ ለውርርድ ትርፍ ብሎ በመግዛቱ፣ መጽሐፉም በጠላቱ በቢፍ ታነን እጅ ወድቆ ከተማውን ሁሉ ስላበላሸ፣ ቀሪው ድካሙ የራሱ ስስት ያመጣውን ጥፋት መጠገን ሆነበት። በሦስተኛው ግን ለራሱ የሚያተርፈው አንዳች ነገር የለም። ሁለተኛው ክፍል ሲያበቃ፣ ሁለቱ በ1955 ሳሉ፣ መብረቅ መኪናዪቱን መትቶ ዶክተር ብራውንን ወደ 1885 ይወስደዋል፤ ዝናቡ ሳያባራ አንድ የዌስተርን ዩኒየን መልእክተኛ ለ70 ዓመት በአደራ የቆየ ደብዳቤ ለማርቲ ያስረክበዋል። ዶክተሩ በዚያ ደብዳቤ ብረት ቀጥቃጭ ሆኖ በደስታ እንደሚኖር ያስታውቀውና፣ እርሱን ፍለጋ እንዳይመጣ፣ በማዕድን ጉድጓድ የተሸሸገችውን መኪና አውጥቶ ወደ ዘመኑ እንዲመለስና ከዚያ በኋላ እንዲያጠፋት ያዝዘዋል። ወጣቱ ይህን ትእዛዝ ለመፈጸም ሲሰናዳ በዚያው አጠገብ ባለ የመቃብር ስፍራ አንድ ድንጋይ ይገኛል፤ በላዩ የተቀረጸው ጽሕፈት ኤሜት ብራውን በሴፕቴምበር 7 ቀን 1885፣ ደብዳቤውን በጻፈ በስድስተኛው ቀን፣ በ80 ዶላር ምክንያት ከጀርባው በጥይት ተመትቶ መሞቱን ይናገራል።

እንግዲህ ወደ ቤቱ የሚመልሰው መንገድ ተጠርጎ ሳለ፣ የመጨረሻውን ዕድሉን ለወዳጁ ሕይወት አሳልፎ የሚሰጥ ወጣት በዚህ ስፍራ እናያለን። ከራስ መዳን ተነሥቶ፣ የራስን በደል በመካስ አልፎ፣ ስለ ባልንጀራ ራስን እስከ መስጠት የሚደርስ የምግባር መሰላል በሦስቱ ፊልሞች ተሠርቷል፤ የመጨረሻው እርከን ያለው በሦስተኛው ነው። በድንጋዩ ላይ የተጻፈችው የ80 ዶላር ዕዳ እንኳ ከንቱ ጌጥ አይደለችም። የቢፍ ቅድመ አያት ቡፎርድ ታነን፣ ፈረሱ ጫማውን ጥሎ ስላንከባለለው 5 ዶላር የሚያወጣ ውስኪ ተሰበረበት፤ በንዴት ፈረሱን ገደለው፤ የፈረሱንም ዋጋ 75 ዶላር ጨምሮ፣ ስለ ሥራው አንዲት ሳንቲም ካልከፈለው ከብረት ቀጥቃጩ ይጠይቃል። የራሱን ቊጣ ኪሣራ በሌላው ሰው ሒሳብ የሚጽፍ ሰው ጠባይ ከዚህ ይልቅ ባጭሩ ሊሣል የሚቻል አይመስለኝም።

ቊጣና ትዕቢት የጠላት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ግን ፊልሙ ተራ የካውቦይ ታሪክ በሆነ ነበር። ደራሲዎቹ ከሁለተኛው ክፍል ጀምረው እንዳሳዩን፣ ማርቲም የማይድን የሚመስል ደዌ አለበት፤ ይኸውም ማንም ሰው ፈሪ ብሎ የሰደበው እንደ ሆነ ልቡናውን ስቶ ወደ ተጠራበት ጠብ የሚገባ መሆኑ ነው። በዚሁ ጠባዩ ምክንያት በመኪና እሽቅድድም ተጋጭቶ እጁ እንደሚሰበር፣ ሙዚቃውን እንደሚተውና በ2015 ከሥራው ተባርሮ የተዋረደ ሰው እንደሚሆን አስቀድመን አውቀናል። መኪናዪቱ የወላጆቹን ታሪክ አቅንታለታለች፤ የእርሱን ልብ ግን ልታቀናው አልቻለችም። ይህን ዕዳ የሚከፍል ክፍል የግድ መምጣት ነበረበት፤ መጣም።

ፈውሱ የሚጀምረው ከድሃ ማዕድ ነው። ማርቲ በ1885 ምድረ በዳ ወድቆ ራሱን በሳተ ጊዜ የሚያነሡት፣ ከአየርላንድ የተሰደዱ ቅድመ አያቶቹ ሼመስና ማጊ ናቸው፤ ማንነቱን ሳያውቁ ያሳድሩታል፤ ከጥንቸል ሥጋ ጋር የጥይት ፍንጣሪ በጥርሱ እስኪነክስ ድረስ ካላቸው ያቀርቡለታል፤ የሚጠጣውም ውሃ የደፈረሰ ነው። ማይክል ጄ. ፎክስ ማርቲንም ሼመስንም ሆኖ ስለሚጫወት፣ አንድ ፊት በአንድ ማዕድ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ አንዱ የችኮላ ሌላው የትዕግሥት መልክ ይዞ ይታያል። ኋላም ሼመስ፣ ማርቲን የሚባል ወንድም እንደ ነበረው፣ ሰዎች በነገር ሲነኩት መታገሥ ስለማይችል በቨርጂኒያ ሲቲ መጠጥ ቤት በጩቤ ተወግቶ እንደ ሞተ፣ ስለሚመጣው ጊዜም ከቶ አስቦ እንደማያውቅ ይነግረዋል። ይህን የሚናገረው እንደ መምህር ተግሣጽ ሳይሆን፣ የቀበረውን ወንድሙን እንደሚያስታውስ ኀዘንተኛ ነው፤ ስለዚህም ቃሉ ይገባል። ለወንድነት ሲባል የወደቀ ወጣት ለሚያውቅ ለማንኛውም ሕዝብ፣ ለእኛም ጭምር፣ ይህ ትዕይንት ትርጓሜ አያስፈልገውም።

ከዚህ ሁሉ ትዕይንት ግን እኔ አብልጬ የማደንቀው አንዲት ፎቶግራፍ ናት። ማርቲ የመቃብሩን ድንጋይ ፎቶግራፍ ይዞ ወደ 1885 ስለ ሄደ፣ ነገሩ በተለወጠ ቊጥር ምስሉም ይለወጣል። ቡፎርድ የከተማው ሰዓት በተመረቀበት የበዓል ምሽት ብራውንን ሊገድል ሲል ማርቲ ጣልቃ ይገባል፤ ቡፎርድም ፈሪ እያለ ለተኩስ ግጥሚያ ይጠራዋል፤ ልጁም እንደ ልማዱ ቃል ይገባል። በማግሥቱ ፎቶግራፉን ሲያዩት የብራውን ስም ከድንጋዩ ጠፍቷል፤ ድንጋዩና የሞቱ ቀን ግን እንዳሉ ናቸው። ስም የሌለው፣ ባለቤቱን የሚጠብቅ መቃብር! በመጀመሪያው ፊልም የወንድምና የእኅት ምስል ከፎቶግራፍ እየጠፋ ሲሄድ አይተን ፈርተን ነበር፤ በዚህኛው ግን የሚያስፈራው የሚጠፋው ሳይሆን ሊጻፍ ያለው ነው፤ ጸሓፊውም ዕድል ሳይሆን ራሱ ማርቲ ነው።

የግጥሚያው ጧት በደረሰ ጊዜ፣ ቡፎርድ በደጅ ቆሞ ሲቈጥርና ሲሳደብ፣ ማርቲ በመጠጥ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ስድቡን ንቆ ይተወዋል። ኋላ ወደ አደባባይ መውጣቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የወጣው ብራውን ተይዞ ሊገደል ስለ ሆነ ነው፤ ወጥቶም መሣሪያውን መሬት ላይ ይጥላል። ቡፎርድ ግን ይተኩስበታል፤ በልብሱ ሥር ደረቱን የጋረደበት የምድጃ በር ብረት ያድነዋል፤ ይህም ብልሃት ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1964 ካዘጋጀው፣ ክሊንት ኢስትዉድ ከሚጫወትበት ፊልም የተማረው ነው፤ በ1885 ራሱን የሚጠራውም በዚሁ ተዋናይ ስም ነው። ስለ ክብሩ ሊሄድ የነበረበትን ስፍራ ስለ ወዳጁ ሄደበት፤ ሥራው አንድ ሲሆን አሳቡ ሌላ ሆነ፤ የመቃብሩም ድንጋይ ከፎቶግራፉ ፈጽሞ ጠፋ።

ነገር ግን እውነተኛው ፈተና በ1885 አይደለም። ማርቲ ወደ 1985 በተመለሰ ጊዜ ደሎሪያኗ በሐዲዱ ላይ ሳለች ባቡር መጥቶ ይደመስሳታል፤ ሦስት ፊልም ሙሉ ያየናት መሣሪያ በአንድ ቅጽበት ብረትና ፍርስራሽ ሆነች። ወዲያው ኒድልስ የተባለው ጓደኛው ለመኪና እሽቅድድም ይጠራዋል፤ ፈሪ እንደ ሆነም ይሰድበዋል። ማርቲ ግን መኪናውን ወደ ኋላ አስኪዶ ይቀራል፤ ወደፊት ቢሮጥ ኖሮ ከመስቀለኛው መንገድ የወጣችውን ሮልስ ሮይስ በገጨ ነበር። ከሥራ መባረሩ የተጻፈበት የ2015 የፋክስ ወረቀት በፍቅረኛው በጄኒፈር እጅ ላይ ባዶ ሆነ። ልብ እንበል፤ ከሁሉ የበለጠው የወደፊት ለውጥ የተፈጸመው የዘመን መኪናዪቱ ከጠፋች በኋላ፣ በተራ መንገድ ላይ፣ አንድ ወጣት ለአንድ ስድብ መልስ ባለመስጠቱ ነው። በድንጋይ የተቀረጸው ተፋቀ፤ በወረቀት የታተመው ጠፋ፤ የፋቀው ግን ማሽን ሳይሆን የታረመ ጠባይ ነው። በመጨረሻ ዶክተር ብራውን ለሁለቱ ወጣቶች መጪው ዘመን ለማንም ሰው ገና ያልተጻፈ መሆኑን፣ መልካም አድርጎ መሥራት የየራሳቸው እንደ ሆነ ሲነግራቸው፣ ይህ ቃል የባዶ ምክር ድምፅ የለውም፤ ማስረጃው ገና በዓይናችን ፊት ነውና።

የዶክተር ብራውን የራሱ መንገድም ከዚህ አያንስም። ይህ ሰው በመጀመሪያው ፊልም ዘመንን ያሸነፈ፣ በሁለተኛው ዘመንን የሚጠብቅ፣ ሕጉንም ሁሉ ለማርቲ የሚያስተምር ነበር፤ በዚያው ክፍል ሴቶችን ሌላው የፍጥረት ታላቅ ምሥጢር ብሎ ጠቅሶ፣ ሊመረምረው እንደሚፈልግ ተናግሮ አልፏል። ሦስተኛው ክፍል ይህን ምሥጢር ክላራ ክሌተን በተባለች መምህርት አካል ያመጣበታል። ማርቲ በትምህርት ቤት እንደ ተማረው፣ ይህች ሴት ከነጋሪዋ ገደል ገብታ ሞታ ነበር፤ ገደሉም በስሟ ተጠርቷል። ዶክተሩ ግን ፈረሶቿ ደንግጠው ሲጋልቡ ባየ ጊዜ ማን እንደ ሆነች ሳይጠይቅ ደርሶ ያድናታል፤ ታሪክ እንዳይነካ ያወጀው ሰው ርኅራኄ አሸንፎት ታሪክን ለወጠ። ሁለቱን ያቀራረባቸው ቴሌስኮፕና የዡል ቬርን መጻሕፍት ናቸው፤ ክሪስቶፈር ሎይድ ያን ሁሉ ጩኸትና መወራጨት ትቶ፣ የሃምሳ ዓመት ሰው በፍቅር ሲደነግጥ እንዴት ዝም እንደሚል ያሳያል። ክላራን የምትጫወተው ሜሪ ስቲንበርጅን በ1979 በታየው «ታይም አፍተር ታይም» በተባለ ፊልምም ከሌላ ዘመን የመጣን ሰው የምትወድ ሴት ሆና ተጫውታ ነበርና፣ ለዚህ ሥራ ከእርሷ የተሻለች ልትገኝ አትችልም ነበር።

ስለ ሥራው ጥበብም ጥቂት ማለት ይገባል። በመጀመሪያው ፊልም በኖቬምበር 12 ቀን 1955 ምሽት በመብረቅ ተመትቶ የቆመው የከተማው ሰዓት፣ በሦስተኛው ክፍል በሴፕቴምበር 5 ቀን 1885 በሕዝብ ፊት ሲጀመር እናያለን፤ ሞቱን አስቀድመን ያወቅነውን ነገር ልደቱን ኋላ እንድናይ መደረጉ፣ ስለ ዘመን ለሚናገር ሥራ እጅግ የተገባ ሥርዓት ነው። ቤንዚን በሌለበት አገር መኪናዪቱን ወደ 88 ማይል የሚገፋት የእንፋሎት ባቡር ነው፤ ለትዕይንቱ የቀረበው ሎኮሞቲቭ በ1891 የተሠራው የሲዬራ ባቡር መንገድ ቊጥር 3 ሲሆን፣ «ሃይ ኑን» በተባለው የ1952 ፊልምም የታየ ነው። ባቡሩ የሚሮጥበት ድልድይ በ1885 ገና አልተፈጸመም፤ መንገደኛው ሊሻገር የሚችለው በመጪው ዘመን እንደሚፈጸም አምኖ ወደ ገደሉ ሲሮጥ ብቻ ነው። የአላን ሲልቬስትሪ ሙዚቃም በዚህ ትዕይንት ቀስ በቀስ እየጋለ ሲወጣ፣ ተመልካች ፍጻሜውን ቢያውቅ እንኳ ትንፋሹን ይይዛል።

ፊልሙ ነቀፋ የለበትም ማለቴ አይደለም። ፊልሙ በከፊል የተቀረጸበት፣ በአሪዞናና በዩታ ወሰን ያለው ሞኑመንት ቫሊ የናቫሆ ሕዝብ ምድር ሆኖ ሳለ፣ የአገሩ ተወላጆች በፊልሙ የሚታዩት ስምና ንግግር የሌላቸው፣ በፈረሰኛ ጦር የሚባረሩ ጭፍራ ሆነው ነው፤ ይህ ከድሮ የካውቦይ ፊልሞች የተወረሰ ጉድለት ነውና ሊሸፈን አይገባውም። ሌሎች ደግሞ የሁለተኛው ክፍል ውስብስብነት በዚህኛው እንደ ጎደለ ይናገራሉ። እኔ ግን ሁለተኛው አእምሮን እስኪያደክም ድረስ ዘመንን ካጠላለፈ በኋላ፣ ሦስተኛው በአንድ ዘመንና በአንድ መንደር ጸንቶ መቆየቱን የጥበብ ምልክት አደርገዋለሁ፤ የሰው ጠባይ የሚለወጠው ጊዜ ሲሰጠው ነውና። ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ግን፣ መኪናዪቱ ትጥፋ ያለው ብራውን በመጨረሻ በሚበር ባቡር መመለሱ አሳቡን ያፈርሰዋል የሚለው ነው። ነገር ግን ማን ይዞ እንደ መጣ እንመልከት፤ ሚስቱን ክላራንና ዡልና ቬርን ብሎ የሰየማቸውን ሁለት ልጆቹን ነው። የመጣውም ውሻውን ሊወስድና ወዳጁን ሊሰናበት ነው፤ ስጦታውም ሁለቱ በአዲሱ ሰዓት ፊት አብረው የተነሡት ፎቶግራፍ ነው። ያለፈውን ለማረም ወይም ከመጪው ለማትረፍ የመጣ ሰው አይደለም። እውቀቱን ሁሉ ብቻውን የያዘ ሰው፣ በፍቅር ከታሠረ በኋላ ያው እውቀት የማይጎዳው ሆነ።

ማይክል ጄ. ፎክስ ይህ ፊልም በታየ በዓመቱ፣ በ1991፣ ገና በ29 ዓመቱ የፓርኪንሰን በሽታ እንዳለበት ተነገረው፤ በ2000 በስሙ የሚጠራ ድርጅት አቋቁሞ ለበሽታው ምርምር ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ። ፊልም ሰውን ይሠራል ብዬ አልከራከርም፤ ነገር ግን መጪው ዘመን ያልተጻፈ ነው የሚለውን ቃል በልጅነታቸው ከዚህ ሥራ የሰሙ ሁሉ፣ ቃሉን የሰማው ተዋናይ ራሱ በመከራው ጊዜ እንዴት እንደ ኖረበት አይተዋል።

ዛሬ በሲኒማ ገበያ ማንኛውም የተወደደ ታሪክ አራተኛና አምስተኛ፣ ከዚያም እንደገና ከመጀመሪያ እየተባለ ሲጎተት እናያለን። ዜሜኪስና ጌል ግን በዚህ ሥራ ላይ አራተኛ ክፍል ለመጨመር እምቢ ብለው ከሠላሳ ዓመት በላይ ጸንተዋል፤ ዜሜኪስም እርሱና ጌል በሕይወት ሳሉ ፊልሙ እንደገና እንዲሠራ እንደማይፈቅዱ በይፋ ተናግሯል። ይህን እንዲሉ ያስቻላቸው የሦስተኛው ክፍል ሙሉነት ነው፤ ያልተከፈለ ዕዳ፣ ያልተዘጋ በር አልተዉምና። ስለዚህ ሦስቱን ፊልሞች በማዕረግ የሚደረድር ሰው የመጀመሪያውን ስለ ፈጠራው፣ ሁለተኛውን ስለ ብልሃቱ ቢያመሰግን ተገቢ ነው፤ ሁለቱ ወዴት ሲሄዱ እንደ ነበሩ የሚጠይቅ ግን መልሱን የሚያገኘው በሦስተኛው ብቻ ነው። ሥራን በጊዜው መፈጸም ሥራን ከመጀመር ያላነሰ ተሰጥዖ ነውና፣ ለጀማሪዎች የምንሰጠውን ምስጋና ያህል ለፈጻሚዎችም እንስጥ።